የስድስት ጎራሹ ዋጋ

«ሽፍታ ነው አሉ» አለች ሙህሲና፣ ከጎኗ ወደተቀመጠችው መሕቡባ ጠጋ ብላ። የሙህሲና ሹክሹክታ ጎረቤት ድረስ የሚሰማ ነው። «ከብት ሽጦ ሲመለስ አድፍጠው ጠበቁት። እሱም በዋዛ አልሞተላቸውም። ሽጉጥ ነበረው፤ እህቱ ናት ከዚህ ሆና የገዛችለት።»

«ማሻአላህ! እህት ማለት እንዲህ ነው» አለች መሕቡባ፣ ከንፈሯን እየመጠጠች።

ሬሀና ግድግዳውን ተደግፋ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች ሁሉንም ሰማች። ሰው ለምን ሐዘንተኛ ጆሮ የሌለው እንደሚመስለው እንጃ። ሦስት ቀን ሙሉ ወንድሟ ኑህ በለቀስተኛው አፍ ሲጀግን ሰነበተ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሽፍታ አቁስሎ ነበር፤ በማግስቱ ሁለት ሆኑ፤ ዛሬ ከሰዓት ደግሞ አንዱ ሳይሞት አይቀርም ተባለ። እሷም ዝም አለች። ዝም ስትል ሐዘኑ የጸናባት መሰላቸው፤ እውነትም ጸንቶባት ነበር፤ ግን እነሱ ባሰቡት መንገድ አልነበረም።

ቱቅባ ሰፈር ያለው ይህ ሦስተኛ ፎቅ የቶይባ ቤት ነው። ቶይባ ከባሏ ከሙዐዝ ጋር ሳዑዲ፣ ኾባር ከተማ ከገባች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልጆቿንም እዚሁ ያሳደገች ሴት ናት። ከወሎ መርዶ የመጣበት ሁሉ የሚቀመጠው እሷ ሳሎን ነው፤ ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚያድር ሰው የት ሄዶ ያለቅሳል? የሬሀና ማዳም መርዶውን ስትሰማ ትንሽ አዘነችና ጣቶቿን ቆጠረች። «ባል ቢሆን አራት ወር ነበር። ወንድም ሦስት ቀን ነው፤ ሸሪዓውም ይኸው ነው። ከዚያ ኸላስ» አለቻት። ሃይማኖት የምታስታውሰው እንዲህ ሲመቻት ነው። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። መግሪብ ላይ የቤቱ ሾፌር ከታች ጡሩምባ ይነፋል፤ ሬሀናም ወርዳ ወደ ሳህኑና ወደ ወለሉ ትመለሳለች።

ከዚያ በፊት አንድ ሰው መምጣት አለበት። ኑህን በመልኩ እንኳ የማያውቁት ሳይቀሩ ከደማም ድረስ መጥተው ለቅሶ ደርሰዋታል። ያገሯ ልጅ፣ ያደጉበትን መስጊድ የሚያውቀው አብዱልጀባር ግን አልመጣም። የሚሠራበት የመኪና ጥገና ወርሻ እዚሁ ኾባር፣ ዐቅረቢያ ሰፈር ነው፤ በእግር ቢመጣ እንኳ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለች ቶይባ። ሬሀና ግን ለምን እንደቀረ ትጠረጥራለች። ልትጠይቀው የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያወቀ ይሁን ያላወቀ።

መርዶው የተነገረ ዕለት ሁሉም ሲጯጯህ ስልኳን ይዛ ወደ ማድቤት ገብታ ነበር፤ አገር ቤት፣ ደጋን ወዳሉት አጎቷ ወደ ኑርዲን ደወለች።

«አጎቴ፣ ሀቁን ይንገሩኝ። ማነው የገደለው?»

ኑርዲን ሳል ሳል አላቸው። «ማንም» አሉ። «ለአሱር ሰላት መስጊድ መጣ። ዉዱእ ሊያደርግ ከቧንቧው ጎንበስ ሲል ሽጉጡ ከወገቡ ተንሸራቶ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። በወደቀበት ባረቀ። እዚሁ፣ ጉሮሮው ሥር መታው። አጠገቡ ነበርኩ ልጄ። በራሱ ሽጉጥ ሞተ ከሚባል ሽፍታ ቢባል ይሻላል ብለን ነው። ከሞቱ አሟሟቱ ይላል ያገራችን ሰው።»

ሬሀና የማድቤቱን መስኮት ዘንግ ያዘች።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝ አለ» አሉ አጎቷ ቀጥለው። «ከፍተን ብናይ ስድስቱም የጥይት ቤት ጎርሶ ነበር። ስድስቱም! አባትሽ አላስተማሩትም? ምን ነካው?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ነበራት፤ ግን ስልኩን ዘጋችው።

አባታቸው በእርግጥ አስተምረዋቸዋል። አሮጌ ስድስት ጎራሽ ነበራቸው፤ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ እጀታው በጠፍር የተጠመጠመ። እሑድ እሑድ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ሲወለውሉት ሬሀናና ኑህ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። አምስት ጥይት ያጎርሱና ስድስተኛውን ቤት ባዶ ትተው፣ ባዶውን አዙረው ጥይት ከምትመታው መምቻ ሥር ያመጡታል። «አምስቱ ለጠላት፣ ስድስተኛው ለአላህ» ይላሉ። «ርካሽ ሽጉጥ ሲወድቅ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ነገር ደግሞ ማንን እንደሚመታ አያውቅም። ባዶው ከመምቻዋ ሥር ካለ ግን ቢወድቅም ጉዳቱ ለድንጋዩ ነው።» ኑህ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ እየተቀበለ ይደግማል፤ «ስድስተኛው ለአላህ።»

አድጎም ያው የሚያምን ልጅ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡ የሚሸነፈው ለጌጥ ነው። ከባቲ ገበያ ከብት እየገዛ ኮምቦልቻ መሸጥ ከጀመረ በኋላ እንኳ ያተረፈው ለሸማና ለጫማ ነው የሚሄደው። ለእህቱ ግን ሆዱ አይችልም። እሷ ወደ ሳዑዲ የወጣች ዕለት መኪናው ላይ ተንጠልጥሎ ሐርቡ ድረስ ሸኝቷታል፤ ሲወርድ በሳቅ ነበር፤ ዘወር ሲል ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተዘረፈ። በሁለተኛው ጊዜ ጥርሱን አወለቁት። ያን ጊዜ ነው የደወለላት።

«ሬሁ፣ ሽጉጥ አገኘሁ። የውጭ አገር ሥራ ነው፤ ዋናው። ዋጋው ግን ይጋረፋል።»

ይጋረፋል ማለቱ ልክ ነበር። ተራው ስድስት ጎራሽ በሁለት ወር ደሞዟ ይገኝ ነበር፤ ይሄ ግን የስድስት ወሯን ይፈልጋል። ፎቶውን ላከላት። ኒኬሉ ያንጸባርቃል፣ እጀታው ጥቁር እንጨት፣ ጎኑ ላይ ማህተም አለው። አንድ ዓርብ ማዳሟ ስትፈቅድላት ፎቶውን ይዛ ዐቅረቢያ ሄደች። አብዱልጀባር ሚሊሻ ሆኖ ያገለገለ ነው፤ ኾባር ያለ የወሎ ሰው ስለ መሣሪያ ክርክር ሲነሳ ወደ እሱ ነው የሚሄደው።

ጣቱን በጨርቅ ጠርጎ ስልኩን ተቀበላት። ማህተሙን በጣቶቹ አሰፋው፤ ደግሞ አሰፋው። ብዙ አየው።

«ማነው ሻጩ?»

«ዓብዱልአዚዝ የሚባል ሰው ነው፤ የሐርቡ።»

አብዱልጀባር አንገቱን ወደተከፈተው ሞተር መለሰ። «ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን እቃ ነው» አለ። «ዋናው ነው። ክፈይ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ከፈለች። ኑህ ሽጉጡን በእጁ ባስገባ ዕለት በድምፅ መልእክት ጮቤ ረገጠ፤ ወገቡ ላይ ሽጉጡን እየመታ ሲያስጮኸው ይሰማታል። «ብቻ እንደ አባባ ስድስተኛውን ባዶ ልተወው ወይስ?» ብሎ ጠየቃት። የቀለደ ይመስላል፤ ግን እየጠየቃት ነበር።

ሬሀና የማዳሟን ልጆች ልብስ እየተኮሰች ነበር። ደክሟታል፤ ደስም ብሏታል። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ሳቀች። «ስድስት አፍ ነው ያለው፤ ስድስት ወር ነው የሠራሁለት! አንዱንም ወር በከንቱ አልለፋሁም። ስድስቱንም አጉርሰው! ያ እኮ የአባባ ርካሽ አይደለም!»

«በይ እሺ!» አለ ኑህ። «የስድስት ከፍለሽ በአምስት አልዞርም።»

መልእክቶቹ እስከዛሬ ስልኳ ላይ አሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኩን ከብብቷ ሥር ሸሽጋ የተቀመጠችው ለዚህ ነው፤ ለቀስተኞቹ ግን የኑህን ፎቶ የምታቅፍ መስሏቸው ይብሱን አለቀሱላት።

አሱር ተሰግዶ ሰው ሲመናመን በሩ ተንኳኳ። የቶይባ ባል ሙዐዝ ከሥራ ሲመለስ ነው፤ ከኋላው አብዱልጀባር አንድ ካርቶን ተምር ተሸክሞ ቆሟል። ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሳም።

«ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ ሬሀና።»

«አሚን። አያ አብዱልጀባር፣ ተምሩን ማድቤት አድርሰው። አሳይሃለሁ።»

ቶይባ አብራ ተነሳች። ሦስቱ ማድቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ ከሳሎን እንዳይሰማ ቶይባ ቧንቧውን ከፈተችው።

«እንዴት እንደሞተ ሰምተሃል?» አለች ሬሀና።

«ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ደውላ ነገረችኝ።»

«እንግዲያው ንገረኝ። ያን ዓርብ ማህተሙን ስታይ ምን አየህ?»

አብዱልጀባር ዓይኑን ወደ ቧንቧው መለሰ። ካርቶኑን አሁንም አላወረደውም።

«ወላሂ በለኝ። ዋናው ነበር?»

«አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ርካሽ ነው። ኒኬል አስነክረው እጀታውን ቀይረውታል። ደህናዎቹ ውስጥ መምቻዋን የሚይዝ ብረት አለ፤ ቢወድቁም አይባርቁም። ያ የለውም። ከማህተሙ ለየሁት።»

«አውቀህ ነው እንግዲህ።»

«ዓብዱልአዚዝ የሚስቴ ወንድም ነው። እቃውን አጣጣለብኝ እንዳይለኝ ብዬ... ደግሞ ሬሀና፣ ርካሹም እኮ ይተኩሳል! መንገድ ላይ ለሚገጥመው ሰው ያው ነው ብዬ ነው። አላህን፣ መጥፎ ሽጉጥ አልነበረም። አያያዙን ለሚያውቅ ሰው...»

«ያውቅ ነበር!» ድምጿ ከቧንቧው በላይ ወጣ፤ ቶይባ ክንዷን ያዘቻት። «ያውቅ ነበር። በሁለት ወር ደሞዜ ገዝቼለት ቢሆን ኖሮ እንደ አባቱ ባዶውን አዙሮ ይታጠቀው ነበር። ርካሽ ነው ብሎ ይፈራው ነበር። ዋጋውን አምኖ ነው የሞተው!»

«ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ...» ብሎ ጀመረ አብዱልጀባር።

«ቀደሩንስ ለኔ ተወው» አለችው።

አብዱልጀባር ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። ሬሀና ይህን ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ስትጠላው ሰንብታለች፤ ጥላቻው እንኳ ደግፏት ነበር። አሁን የጠየቀችውን ሁሉ ሲያምንላት ጥላቻው ለእሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ ለራሷም እንደሚደርሳት ገባት። እሱ «ክፈይ» ነው ያላት። «አጉርሰው» ያለችው ግን እሷ ናት። ይህን ደግሞ ከቧንቧው ድምፅ ሥርም ቢሆን ለማንም ልትናገረው አልቻለችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ሳሎን ተመለሰች።

ሳሎኑ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ሙዐዝ አንድ ጥግ ይዟል፤ ሙህሲናና መሕቡባ ከፍራሹ አልተነቃነቁም። ቶይባ ሄል የበዛበት ቡና የተሞላ ፔርሙስና ስድስት ፍንጃል የተደረደረበት ሰሃን አምጥታ መሐል አስቀመጠች። ፔርሙሱን ልታነሳ ስትል ሬሀና ቀደመቻት።

«ኧረ ተይ፣ ሐዘንተኛ አይቀዳም» አለች መሕቡባ።

«ሦስተኛው ቀኔ ነው። ነገ ለሰው ልቀዳ አይደል?»

አብዱልጀባር በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሙህሲና ለካ ይህን ስትጠብቅ ነበር።

«አንተ ነህ አሉ ሽጉጡን የመረጥክላት!» አለችው። «አላህ ምንዳህን ይክፈልህ! ባዶ እጁን ቢሆን ኖሮ እንደ በግ አርደውት ነበር። ቢሞትም እንኳ ስድስት ጥይት ጨርሶ ነው የሞተ። አይደለም እንዴ ሬሀና?»

አብዱልጀባር ሬሀናን ቀና ብሎ አያት፤ አንዲት ቃል ከአፏ ብትወጣ ቱቅባና ዐቅረቢያ ነገውኑ እንደሚሰሙት ያውቃል። እሷም ታውቃለች። ቃሏ አንደበቷ ላይ ደርሷል፤ ከኋላው የሚከተለው የራሷ ሳቅ ግን ስልኳ ውስጥ አለ።

«አንድ ጥይት ነው የተተኮሰው» አለች። ከዚያ በላይ አልጨመረችም።

መቅዳት ጀመረች። ለሙዐዝ ቀዳች። ለሙህሲና፣ ለመሕቡባ፣ ለቶይባ ቀዳች። አምስተኛውን ለአብዱልጀባር ቀድታ በሁለት እጇ አቀበለችው፤ ሲቀበላት ቡናው ጣቱ ላይ ፈሶ አቃጠለው። ስድስተኛዋ ፍንጃል ሰሃኑ ላይ ብቻዋን ቀረች። ሬሀና የፔርሙሱን ክዳን አጥብቃ ዘጋችው።

«ላንቺስ ሬሁዬ?» አለች ቶይባ።

«የኔዋ ባዶዋን ትሁን።»

ሙህሲና፣ ሬሀና ጾም የያዘች መሰላት። አብዱልጀባር ግን እሱም የወሎ ሰው ነው፤ እሱም ስድስተኛውን ባዶ መተው ያስተማረው አባት ነበረው። ቡናውን ሳይጠጣ መሬት ላይ አኖረና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

ከታች ጡሩምባ ተነፋ። ሬሀና ባዶዋን ፍንጃል አነሳች፣ በእጇ ቀስ አድርጋ አዞረቻትና መልሳ በቦታዋ አስቀመጠቻት።