«ውጣ» ያልኩት እኔ ነኝ

ሰው ሁሉ «ወንድሙን አትውጣ ብሎት ነበር» እያለ ሲያደንቀኝ ሁለት ዓመት ሆነው። ገደል ይግባ እንዲህ ያለ አድናቆት! አትውጣ አላልኩትም። «ውጣ» ነው ያልኩት።

ታላቅ ወንድሜ አስፋው እዚህ ማንኪራ የማር አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ሰፈርተኛው ሲቀልድ «ታቶ» ይለዋል፤ ድሮ የካፋ ንጉሥ የሚጠራበት ስም ነው። ቀልድ ይሁን እንጂ እሱ ሲገባ ሽማግሌ ሳይቀር ብድግ ይላል። እኔስ? ምክትሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምክትል! እሱ ይናገራል፣ እኔ አጨበጭባለሁ። ተሾመች የምትባለው ሚስቴም «አንተ ሰውዬ፣ እስክትሞት ገመድ ያዥ ልትሆን ነው?» ትለኛለች። ምን ልዋሽ፣ ነገሯ አንጀቴ ገብቶ ነበር። በእሷ ግን አላሳብብም፤ እጁ የእኔ ነው።

እኛ ዘንድ ቀፎ የሚሰቀለው ጫካ ውስጥ፣ ረጅም ቀረሮ ዛፍ ላይ ነው። በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣው ሰው ገመዱን አይመረምርም። ታች የሚቀረው ነው ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቱ ዳብሶ «ውጣ» የሚለው። ከዚያ በኋላ ገመዱን መልሶ ማየት ያንን ሰው «ጠላቴ ነህ» ማለት ነው። አባታችን እንዲህ ነው ያሳደገን።

የዚያን ቀን ጠዋት እየዳበስኩ መሃሉ ላይ ስደርስ ውስጡ የተበላ ቦታ አገኘሁ። ጣቴ ቆመ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። የማኅበሩ ምርጫ ደግሞ በዚያው ሳምንት ነው። ጣቴን አሳለፍኩትና «ውጣ» አልኩት።

ወጣ። ግማሽ ሳይደርስ ገመዱ ተበጠሰ።

በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ቦንጋ ስንሮጥ ነፍሱ ገና ነበረች። ሚስቱ ላቀች ራስጌው አጠገብ እያለቀሰች ትሮጣለች። አስፋው ተሸካሚው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሜ ባፈና አትውጣ ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት» አለ። ሕመሙ ነው የሚያስለፈልፈው ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከተማው ሳንደርስ አረፈ።

በዚያች ቃል ሊቀመንበር ሆንኩ። «ወንድሙን የመከረ አስተዋይ ሰው» ብለው በጭብጨባ መረጡኝ፣ ማኅተሙንም አስረከቡኝ። ወይኔ ባፈና! ከዚያ ወዲህ ማር ከቀመስኩ ያስመልሰኛል። የማር ማኅበር ሊቀመንበር ሆኖ ማር የማይቀምስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ባለፈው ማክሰኞ በቃኝ። ቦንጋ ሄጄ ለፖሊስ እጄን ልሰጥ ተነሳሁ። ላቀች ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ መጀመሪያ እሷ ቤት ጎራ አልኩ። ደጃፉ ላይ ጎመን ስትቀነጥስ አገኘኋት። እግሯ ስር ተንበርክኬ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ትጮሃለች፣ ድንጋይ ታነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። ብታነሳ ደስ ባለኝ።

«አውቃለሁ» አለች፣ እጇን ከጎመኑ ሳታነሳ።

«ምን አልሽ?»

«ቃሬዛው ላይ በጆሮዬ ነግሮኛል። ጣቱ ገመዱ ላይ ሲቆም አይቼዋለሁ አለኝ። ታዲያ አንተ ሞኝ፣ ለምን ወጣህ? አልኩት። ወንድሜ ውጣ ካለኝ እንዴት አልወጣም አለ።»

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! «እትዬ ላቀች፣ በናትሽ ፖሊስ ጋ ልሂድ» አልኳት።

«ትሄድና አራት ልጅ ማን ያሳድግልኛል? ቡናዬን ማን ይለቅምልኛል? አባታችሁን የገደለው አጎታችሁ ነው ብዬ ልንገራቸው? እሱ ዋሽቶ የሞተው ልጆቹ ሁለታችሁንም እንዳያጡ ነው። እኔ አልማርኩህም፤ መቼም አልምርህም። ግን አፍህን ዘግተህ ትኖራለህ።»

የአስፋው ትንሿ ልጅ ትሕትና ከጓሮ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ «አባዬ» ነው የምትለኝ።

«አባዬ፣ ለምንድነው የምታለቅሰው?» አለችኝ።

ላቀች ጎመኗን ይዛ ተነሳች። «ምሳ ደርሷል፣ ግባ» አለችኝ።

ገባሁ። አስፋው ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። በላሁም።