ክዳን ያለው የመዶሻ ማኅደር

የብርጓል ማኅደሩን ከቀበቶዋ መንጭቃ አውጥታ ቆዳ ሰፊው ገዳሙ ፊት ወረወረችው።

«ለድንጋይ መዶሻ የሽጉጥ ማኅደር የሠሩልኝ ምን በድዬዎት ነው?»

ገዳሙ ደብረ ማርቆስ ገበያ ቀበቶና የኮርቻ ጠፍር የሚሠራ ሰው ነው። ወስፌውን እንኳ አላስቀመጠም። «ገደል ስወርድ የማይወድቅ ነው ያልሽኝ። ወደቀ?»

«አልወደቀም!»

«እንግዲያስ?»

ከእሷ ቀድሜ እኔ ነገርኩት። የብርጓል ድንጋይ እየሰበረች ውኃ ያለበትን መሬት የምታጠና ባለሙያ ናት፤ እኔ ሾፌሯ ነኝ። ትናንት ከአማኑኤል ከተማ ማዶ፣ የአካባቢውን ምንጭ የሚያውቁት ሽማግሌ አያ አካለ ወልድ ወገቧ ላይ ያን የተከደነ ነገር ሲያዩ ጠመንጃ ለመግፈፍ የመጣች መሰላቸው። መዶሻ መሆኑን ላሳይዎት ብላ እጇን ወደ ክዳኑ ስትሰድ፣ ምንሽራቸውን አቀባበሉ። እግዚአብሔር አተረፈን።

«የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪው መኪና ነገ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል» አለች። «አያ አካለ ወልድ ዛሬ የምንጩን ቦታ ካላሳዩኝ ያ ሁሉ ሰው ዘንድሮም ከከብት ጋር ከኩሬ ሊጠጣ ነው! ክዳኑን ይቁረጡልኝ።»

«ሥራዬን አላበላሽም። ገደል ላይ አምልጦ ሰው ቢፈነክት የገዳሙ ሥራ ነው የሚባለው።»

«ይቁረጡ አልኩ!»

«እንዲህ እየተቆጣሽ ባል አታገኝም።»

«ቢላዋ እንጂ ባል መች ጠየቅኩዎት!» ብላ ከፊቱ አንሥታ ክዳኑን መገዝገዝ ጀመረች።

«ተይ! ሽንኩርት አደረግሽው እኮ!» ነጠቃት። እያጉረመረመ ክዳኑን አነሣ፤ ጎኑን ቀደደ፤ በመዶሻው አንገት ላይ የሚያልፍ ጠፍር ከነዘለበቱ ሰፋበት። ብረቱ ከሩቅ ይታያል። ታጥቃው ከሱቁ ደረጃ ዘለለች፤ ንቅንቅ አላለም። አላመሰገነችውም።

ከአማኑኤል ማዶ ስንደርስ አያ አካለ ወልድ ምንሽራቸውን እንደያዙ ከአጥራቸው በር ጠበቁን። ወገቧን አዩ።

«መዶሻ ነው እንዴ?»

«መዶሻ ነው፣ አያ።»

«ታዲያ ትናንት ለምን ሸፋፈንሽው? ሙሽራ ነው? በሽምግልናዬ በመዶሻ ላይ ጠመንጃ አስመዘዝሽኝ! ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅብኝ ሊከርም!»

«እርስዎስ ቢሆኑ? የሰው ቃል ሳይሰሙ ያቀባብላሉ?»

«ዝም በይና ተከተይኝ! ጫማሽ ለቁልቁለቱ አይሆንም፤ ይኸንም እኔው ልንገርሽ?»

ምንጩ ጋ ስንደርስም ቁጣቸው አልበረደም ነበር። እሷ ግን ዘለበቱን ፈትታ፣ ተንበርክካ ድንጋዩን መምታት ጀምራለች።