የካሴቱ የመጨረሻ ምዕራፍ

አለበል አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ተነሥቶ፣ ጋቢውን አስተካክሎ ሲጀምር መጽሐፉን የሚያነብ መስሏቸው ነበር። እጁ ባዶ፣ ዓይኑም ጣሪያው ላይ የተተከለ መሆኑን ያስተዋሉት ቆይተው ነው። ድምፁም የልቦለድ አልነበረም፤ ቅዳሴ ላይ መልእክት እንደሚያነብ ዲያቆን ዓረፍተ ነገሩ ባለቀ ቁጥር ወረድ ያደርገዋል።

"በቃ፣ በቃ!" አሉ መምህር ክንፈሚካኤል። "በቃልህ አነብንበው አልኩህ? እኔ የጠየቅሁህ ምን ተሰማህ ብዬ ነው።"

"የተጻፈውን ነው የሰማሁ፣ የኔታ።"

"የኔታ" ሲል ሳቁ እንደ አዲስ ተነሣ።

ኮሌጁ በዚያ ዓመት "የጋራ ንባብ" የሚባል ነገር ጀምሯል። አዲስ ገቢ ሁሉ ክረምቱን አንድ አጭር ልቦለድ አንብቦ ይመጣል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይወያያል፣ እየተወያየም ይተዋወቃል ይላል በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት። መጽሐፉ ለሁሉም አልበቃም። ስለዚህ ለየከተማው አንዳንድ ተላከና እየተቀባበላችሁ አንብቡ ተባለ። የቡሬው ቅጂ አለበል እጅ ሲገባ "ከነገ ወዲያ መልስ" ተብሎ ነው። እንደ እሱ ቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት ያደገ ሰው መጽሐፍ ሊወሰድበት ሲል የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ በቃሉ ይይዘዋል። አለበልም አንዲት ፊደል ሳይገድፍ ያዘው። የራስን ቃል መጨመርማ በንባብ ቤት መምህሩ በየኔታ ገብረሰንበት ዘንድ አርጩሜ የሚያስቆርጥ ጥፋት ነበር።

ክፍሉ ውስጥ "ያነበበ?" ሲባል እጁን ያላወጣ የለም። ውይይቱ ግን ከሽፋኑ ሥዕል አላለፈም።

"እንግዲያው" አሉ መምህሩ፣ "መጨረሻው ምን እንዳስተማራችሁ ለሰኞ ጽፋችሁ ኑ። ማርክ አለው።"

አለበል ከዚያ ቀን ጀምሮ "ካሴቱ" ሆነ። ስም ወጣለት እንጂ ጓደኛ አልወጣለትም። ምሳ ሲበላ ከጎኑ ያለው አግዳሚ ባዶ ነው። አንድ ክፍል አብሮት የተከራየው ተስፋው እንኳ ከ"ደህና አደርህ" ሌላ ቃል አላወጣለትም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ግን ያው ተስፋው ወረቀትና እስክርቢቶ የያዙ ልጆችን አስከትሎ፣ አለበል ብቻውን ወደተቀመጠበት የባሕር ዛፍ ጥላ መጣ።

"አለበልዬ፣ ወንድሜ!"

"ዛሬ ደግሞ ስሜ ተመለሰ?"

"ተወው፣ ጨዋታ ነው። እስቲ ያቺን ታሪክ ከመጀመሪያው ልቀቃት።"

ለቀቃት። እነሱም ይጽፋሉ። "ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው!" ይላል አንዱ። "ቀስ፣ ባትሪውን እንዳይጨርስ!" ይላል ሌላው። ተናኜ የምትባል የጅጋ ልጅ ብቻ መጻፉን ትታ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ትሰማለች።

ታሪኩ የአንዲት እናት ነው። ልጇ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ቀረ። እናቱ አመሻሽ ላይ መኪና በገባ ቁጥር መናኸሪያ ወጥታ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ያልቃል፣ ረዳቱ በሩን ይዘጋል፣ እናትየዋም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ይኸው ነው።

አለበልም እናት አለው፤ ማንኩሳ፣ እዚሁ አፍንጫው ሥር። በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጠችውን ልጅ ቡሬ ላይ አስኳላ ገባ ሲሏት "ቅስና ይዞ ካልሆነ ደጄን እንዳይረግጥ" ብላ ላከችበት። እሱም ይህን ቃል እንደ ተነገረው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ያዘው። ሦስት ክረምት አለፈ፤ አልገደፈውም፣ ደጇንም አልረገጠም።

"ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ" አለና ድንገት ቆመ።

የሚቀጥለውን ቃል ያውቀዋል፤ ረዳቱ በሩን ዘጋ ነው። ያንን ግን አላለም። ልጆቹ እስክርቢቷቸውን እንዳነሡ ይጠብቃሉ።

"ከዚያ..." አለ። ድምፁ መልእክት ማንበቡን ትቶ ወሬ ሆነ። "ከዚያ፣ ከኋላው ወንበር አንድ ልጅ ወረደ።"

"ልጇ ነው?" አለች ተናኜ።

"ልጇ ነው።"

"እሰይ!" አለ ተስፋው እየጻፈ። "እኔማ ሊያስለቅሰን ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። 'ልጁ... ወረደ።' ነጥብ። ሰኞን ተገላገልን!"

የተቀሩትም እንዳለ ጻፉት።

ተናኜ ግን አልለቀቀችውም። "እናቱስ? ስታየው ምን አለችው?"

አለበል ፈለገ። መጽሐፉ ውስጥ የለም። እሱም ዘንድ የለም።

"ካሴቱ ተጠቀለለ!" አለ ከኋላ አንዱ፤ ሳቁ።

አለበል አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ተነሥቶ ከሱሪው ላይ ሣር አራገፈ፤ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

"አላውቅም" አላት። "ጠይቄያት ልምጣ።"

"ማንን?" አለ ተስፋው።

አለበል የግቢውን በር ወጥቶ ወደ መናኸሪያው ታጠፈ። ረዳቱ "ማንኩሳ! ማንኩሳ አንድ ሰው!" እያለ ይጣራል።