ለሁለት የተካፈለ መድኃኒት

"ፊርማው የእሳቸው ካልሆነ አልቀበልም" አለ ዶክተር ዮፍታሔ፣ ፋናዬ ፈርማ የመለሰችለትን የጥናት ፈቃድ ወረቀት እያገላበጠ። "የታመሙት እኮ አባትሽ ናቸው።"

"ልጃቸው ነኝ፣ ምን ችግር አለው? ደግሞ ወረቀቱ ላይ 'የጨጓራ ካንሰር' ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። አባቴ ማንበብ ይችላሉ።"

"እንዲያነቡት ነው የተጻፈው።"

አቶ ኃይለመስቀል ከበሩ ውጪ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ውጤታቸውን ግን የሰማችው ልጃቸው ናት። በእኛ አገር ክፉ ውጤት ለባለቤቱ አይነገርም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ አልቅሶ ካበቃ በኋላ እንኳ በሽተኛው "ትንሽ ቁስለት ነው" እየተባለ ሾርባ ይቀርብለታል።

ፋናዬ አሰላ ውስጥ አንድ ፋርማሲ ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከተማው ውስጥ ጨጓራ የማያመው ሰው መኖሩን ትጠራጠራለች። ሹፌሩም፣ መምህሩም፣ ዳኛውም "እስቲ ያችን የለመድኳትን" ይላታል፤ እሷም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ታቀብላለች። አባቷ ከሚኖሩበት ከዲክሲስ መጥተው "ያቃጥለኛል" ሲሏት ያደረገችውም ይህንኑ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ። ቃጠሎው ሲታገስላቸው አባትና ልጅ ደስ አላቸው። ባዳ ይህን ያህል ቢመላለስባት ኖሮ "ሂድና ተመርመር" ትለው ነበር። የገዛ አባቷን ግን መድኃኒቱ በእጇ እያለ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ማንገላታት ግፍ መሰላት። አሁን አንጀቷን የሚያቃጥላት ይኼ ነው።

"ጥናቱ ምን ይጠቅማቸዋል?" አለችው ዶክተሩን።

"ለእሳቸው ምንም። ጉበታቸው ላይ ደርሷል፤ አልዋሽሽም።" ወንበሩን ወደ እሷ ሳበ። "ዕጢ እንዳይበቅል የሚጠብቁ ዘረመሎች አሉ። ሁልጊዜ ተበላሽተው አይደለም ካንሰር የሚመጣው። ጨጓራ ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ አለ፤ እሱ ጨጓራውን ለዓመታት ሲያስቆጣው ይኖርና፣ ዘረመሎቹ ላይ ጥቃቅን ኬሚካል እየተለጠፈ ዝም ያሰኛቸዋል። ጠባቂው ደህና ነው፣ በቦታው አለ፤ ሥራውን ግን አቁሟል። ከአባትሽ በወሰድነው ናሙና ላይ ማየት የምንፈልገው ይህንን ነው።"

"መልሶ ማሠራትስ አይቻልም?"

"እየተሞከረ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምሰጣቸው የለኝም። የሚሻለው ባክቴሪያውን በጊዜ አግኝቶ ማጥፋት ነው፤ ብዙ ሰው ይተርፍበታል።"

ፋናዬ የምትሠራበትን ፋርማሲ አሰበች። ለባክቴሪያው የሚሰጠው መድኃኒት ከኦሜፕራዞሉ ጎን፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው ያለው።

አባቷ ወዳሉበት ኮሪደር ሳትወጣ ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ እንደሻው ነው፣ ከዲክሲስ። ውጤቱን ቀደም ብላ ነግራው ነበር።

"ነገርሻቸው እንዴ?"

"አልነገርኳቸውም።"

"እንዳትሞክሪው! ድንጋጤው ቀድሞ ነው የሚገድላቸው። ጨጓራ ነው በያቸውና ይዘሻቸው ነይ። ለጋሼ ግዛቸውም ቢሆን ትንፍሽ እንዳትዪ፤ እሱ ምስጢር አያድርበትም።"

"እሺ" አለች። ከልቧ ነበር።

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጥታ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከስተዋል። የጋቢው ጫፍ ሁለቴ ዞሮባቸው ተርፏል።

"ምን አለ ሐኪሙ?"

"ጨጓራ ነው፣ አባባ።" ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ቀለል አላት።

"ብዬ ነበር እኮ! ለዚህ ነው ይኼን ሁሉ ጎማ በጉሮሮዬ የሰደዳችሁብኝ?" ሳቁ። "በይ እንግዲህ መድኃኒቱን ጨመር አድርጊልኝ። የአንድ ሰው እየሰጠሽኝ ለሁለት አልበቃን አለ።"

"ለሁለት?"

"ለግዛቸው አካፍለው የለም እንዴ! እሱንም እንደኔው ያቃጥለዋል። ይኼው ዓመት አለፈው። ሰሞኑንማ እህል አስጠልቶታል። 'የፋናዬ መድኃኒት ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር' ይላል።"

ጋሼ ግዛቸው የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሃምሳም አልሞላው፣ አምስት ልጆች አሉት። ይምጣና ይመርመር ልትል አሰበች። ግን ለጨጓራ ብሎ በአጨዳ ሰሞን ገብሱን ጥሎ አሰላ ድረስ ማን ይመጣል? ለጨጓራማ መድኃኒቱ ከእሷ ይላካል፤ ሲላክም ኖሯል።

እንደሻው እንደገና ደወለ። ስሙን ትንሽ አይታው ስልኩን አጠፋችው። ወረቀቱን አውጥታ ለአባቷ ልታቀብል እጇን ከዘረጋች በኋላ ተወችው። ከወረቀት ላይ ማግኘት የለባቸውም።

"አባባ፣ ቅድም ዋሽቼዎታለሁ" አለች። "ጨጓራ አይደለም። ካንሰር ነው፣ ጉበትዎ ጋም ደርሷል። ያን መድኃኒት እየሰጠሁ ሳላስመረምርዎት የቆየሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ግዛቸው ዛሬውኑ ተነሥቶ ይምጣ። እሱ ምናልባት ይደርሳል።"

አንዲት ነርስ ተሽከርካሪ አልጋ እየገፋች በፊታቸው አለፈች፤ አቶ ኃይለመስቀል እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፏት። ከዚያ እጃቸውን ከጋቢው ሥር ከተው ስልካቸውን አወጡና ለልጃቸው ዘረጉላት።

"የግዛቸውን ቁጥር አንቺ ምቺልኝ" አሏት። "የምነግረው እኔ ነኝ።"