ያልተሰረቀባት ወይዘሮ

ጠላት ከአገር ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መቱ ላይ ልብስ ሰፊ ማለት ደርበው ነበር። ከጎጃም መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። የስፌት መኪናውን ገበያው አጠገብ ባለ ቆርቆሮ ቤት በረንዳ ላይ ተክሎ፣ ከሹም ሚስት እስከ ቡና ነጋዴ የሁሉንም ልክ በቃሉ ያውቃል። እጁ የተመሰከረለት ነው። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ የማንንም ጨርቅ ሲቆርጥ ከጥጉ ትንሽ ለራሱ ያስቀራል። ባለቤቱ "የተረፈ የለም?" ሲለው "ምን ይተርፋል፣ እንዲያውም አንሶኝ ስጨነቅ ነው የከረምኩት" ይላል፤ ሲናገረው ራሱም የሚያምነው ይመስላል።

ሌባ ቢሉት በጣም ይከፋዋል። ያስቀረውን አይሸጠው፣ አይለብሰው። ጆንያ ውስጥ ይከተውና አልጋ ሥር ይገፋዋል፣ በቃ።

ሚስቱ ተጂቱ ለመቱ ቅርብ የሆነችው የሁሩሙ ልጅ ናት፤ የተቀመጠ ነገር ሥራ ፈቶ ሲያድር ማየት አትወድም። አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ ሲል ጆንያውን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። ልኬትም ንድፍም አልነበራትም። አንዱን ቁራጭ ከሌላው ታስጠጋለች፤ ደስ ካላት ትሰፋዋለች፣ ካልተስማሙ ታለያያቸዋለች። ካኪው ከቺቱ ጎን ተቀመጠ፣ ቀይ ከፋይ አቡጀዴ መሀል ገባ። ጠማማውን ቁራጭ ለማቅናት አልደከመችም፤ ጎኑ ሲከፈት ክፍተቱን የሚሞላ ሌላ ጠማማ ፈለገችለት። ውስጡን አሮጌ ቡልኮ አልብሳ ዳር እስከ ዳር ሰፋችው። ክረምቱ ሲያልቅ ከአልጋው ተርፎ ወለል የሚነካ ብርድ ልብስ ሆነ።

ደርበው ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። "በልብስ ሰፊ ቤት ድሪቶ? ሰው ቢያይ ምን ይላል?"

"ሰው የት ያየዋል፣ አልጋ ላይ ነው" አለች ተጂቱ።

"ቢሆንም።"

ይህን ይበል እንጂ ብርዱ ሲጠናበት እስከ አፍንጫው ይጎትተው ነበር።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ተጂቱ ብርድ ልብሱን አጥር ላይ አሰጣችው። ክፉ አላሰበችም፤ እርጥበት ጠጥቷል፣ ፀሐይ ይምታው ብላ ነው። የዳኛው ሚስት አስካለማርያም ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አየችውና ቆመች።

"እትዬ ተጂቱ፣ እንዴት የሚያምር ነገር ነው። ከአዲስ አበባ አስመጥታችሁ ነው?"

ጠጋ ብላ ዳሰሰችው። እጇ አንዲት ሰማያዊ ቺት ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ።

"ይቺ የኔ ቀሚስ አይደለችም?"

ተጂቱ መዋሸት አልለመደችም። "ናት መሰለኝ" አለች።

ወሬው መንገዱን ጨርሶ እስኪመለስ ጊዜ አልፈጀም። የነጋዴው ሚስት ሙላቷ የመጋረጃዋን ቁራጭ አገኘች። ጎረቤቷ አበባየሁ የባሏን የሱፍ ኮት አወቀች። የመሪጌታው ሚስት ለቤተ ክርስቲያን የተገዛውን ቀይ ከፋይ አየችና አማተበች። ደርበው ሰዉን ከበረንዳው ሲያይ እዚያው ለመቱ ቅርብ በሆነው ቡሬ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ድንገት ትዝ አለውና በቅሎ ጭኖ ሄደ።

"ያ ዋቅ፣ አምላኬ" አለች ተጂቱ በልቧ። ከዚያ ገብታ መቀሱን አመጣች። "የየራሳችሁን ቆርጣችሁ ውሰዱ።"

አስካለማርያም መቀሱን ተቀብላ ሰማያዊዋን ቺት ያዘች። ወዲያ አየች፣ ወዲህ አየች። "ይቺን ባወጣት የሙላቷም ትተረተራለች" አለች።

"የኔን እንዳትነኪብኝ" አለች ሙላቷ።

አንዷም ሳትቆርጥ መሸ። ሁሉም የማርያም ማኅበርተኞች ናቸውና፣ ብርድ ልብሱ ከጽዋው ጋር ከቤት ቤት ይዙር፣ ጽዋ የያዘችው ወሩን ትልበሰው ብለው ተስማሙ። ተራ የሚደርሳት ግን ጨርቅ የተወሰደባት ብቻ ናት፤ በፈቃድ የተሰጠ አይቆጠርም። ደርበው ከቡሬ ሲመለስ በንስሐ አባቱ ፊት፣ ዳግመኛ የሰው ጨርቅ የአውራ ጣት ያህል እንዳያስቀር ተገዘተ። ተጂቱ ከራሷ ቀሚስ አንድም ቁራጭ ስላልነበረበት ተራ አልደረሳትም። ሲቀደድ የመስፋቱ ሥራ ግን በአንድ ድምፅ ለእሷ ተሰጠ።

ሌላም ከተራ የቀረች ነበረች። ወይዘሮ ወለተ ማርያም፣ ደርበው ጨርቋን ሲቆርጥ ከራሱ ላይ ቆማ የምትጠብቅ፣ ክሩን ሳይቀር ለቅማ የምትወስድ ናት። ያን ቀን አጥሩ ጋ ብርድ ልብሱን ከላይ እስከ ታች ፈልጋ ምንም ስታጣ "እኔን ማን ደፍሮ" ብላ ኮርታ ነበር። ብርድ ልብሱ ቤቷን እየዘለለ ጎረቤት ማደር ሲጀምር ግን ኩራቱ ጎመዘዛት። በጥር አንድ ቀን አዲስ አረንጓዴ ጨርቅ ይዛ መጣች።

"ቀሚስ ነው፣ ጋሼ ደርበው። ጨርቁ ሰፊ ነው" አለችና ጀርባዋን ሰጥታ በረንዳው ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ደርበው ቆርጦ ሲጨርስ ትርፍራፊውን በክር አስሮ ሰጣት። "ይኸው እትዬ፣ እንዳለ።"

"ያስቀሩት የለም?"

"በማርያም፣ አንዲት ክር የለም።"

ቅር አላት። "ትንሽ ቢያስቀሩም እኮ አልቀየምም ነበር።"

"ተገዝቻለሁ፣ እትዬ።"

እስሩን አግዳሚው ላይ "ረስታው" ሄደች። ደርበው ገበያውን አቋርጦ "ጨርቅዎን፣ ጨርቅዎን" እያለ ተከትሎ በሰው ፊት አስጨበጣት።

ተጂቱ ይህን ከደጅ ታይ ነበር። ደርበው ለምሳ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ከተቆረጠው ቀሚስ ከሁለቱም እጅጌ የመዳፍ ያህል ቀነሰች። በዕድሜዋ የሰው ነገር ስትወስድ የመጀመሪያዋ ነው።

ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲለካ እጅጌው ክርን ሥር ቀረ። ደርበው ላብ አጠመቀው። "ለክቼ ነበር እኮ፣ እትዬ፣ በማርያም ለክቼ ነበር።"

ወለተ ማርያም ክንዷን አየች፣ ቀጥሎ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ በመርፌ ክር የምታሾልከውን ተጂቱን አየች።

"ሌባ" አለችው ደርበውን፣ እንደ ምርቃት ቀስ አድርጋ። ከዚያ በገበያው መሀል፣ ላገኘችው ሁሉ ክንዷን ከፍ አድርጋ ሰላምታ እየሰጠች ወደ ቤቷ ሄደች።

በሚቀጥለው ማኅበር ብርድ ልብሱ ሲዘረጋ ዳሩ ላይ ሁለት አረንጓዴ ቁራጮች ተጨምረውበታል።

"አንዷ የወለተ ማርያም ናት" አለች አስካለማርያም። "ሁለተኛዋስ?"

"የኔ ናት" አለች ተጂቱ።

"ማን ወሰደብሽ?"

"ባሌ።"

ጨርቁ አንድ መሆኑን ያላየ አልነበረም። ሁሉም ወደ ወለተ ማርያም ዞሩ። እሷም ጽዋውን አስቀምጣ "የእሷ ናት፣ እኔ አውቃለሁ" አለች፤ በዚያው ለሁለቱም ተራ ተቆጠረላቸው። ደርበው ይህን ሲሰማ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ምንም አለመንካቱን ማለ። እሳቸውም "ልጄ፣ እውነቱን ተናገርና ይቅለልህ" አሉት።