የእንግዴ ልጁ ሁለት ፊት

ሯጯ የማዋለጃ ክፍሉን በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ፣ አዋላጇ እንግዴ ልጁን በብረት ሳህን አድርጋ እየጠበቀቻት ነበር።

"ቶሎ በይ፣ ገና ትኩስ ነው" አለቻት።

ሯጯ የወጣላት ስም ነው። የበረዶ ሳጥኗን አቅፋ ከማዋለጃ ክፍል ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ ማዋለጃ ክፍል ስትከንፍ የምትውል ሴት ሌላ ስም አያሻትም ብለው ባልደረቦቿ አወጡላት፤ እሷም ተቀበለችው። ሌላ ቀን ቢሆን ሳህኑን ነጥቃ ትፈተለክ ነበር። ዛሬ ግን ወደ አልጋው ዞረች። አልጋው ላይ የተኛችው አራስ የወንድሟ ሚስት ናት።

"ልጁስ?"

"ወንድ ነው፣ ደህና ይተነፍሳል" አለች አዋላጇ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ግን ቀኑን ጨርሶ የመጣ ልጅ አይመስልም። በጣም ትንሽ ነው። እስኪሞቀው ማሞቂያው ስር አድርገነዋል።"

አራሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ሯጯ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ስትነካት፣ ሳትዞር ተናገረች።

"እህቴ፣ እሱን ነገር እንዳትጥዪው። መርምሪው። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ልወቀው።"

"ማን ነው ጥፋት አለ ያለሽ?"

"ማን ያላለ አለ?"

ሯጯ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻዋ ሳበችላት። ሳህኑን ሸፍና ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ የሯጯ እናት አግዳሚ ወንበር ይዛ፣ አጠገቧ ለተቀመጡት ሁሉ ነገሩን ታስረዳለች። እናቷ ስትናደድ ሹክሹክታዋ ከሌላ ሰው ጩኸት ይበልጣል።

"እኔስ ከመነሻው ብያለሁ። ይቺ ልጅ እህል አይስማማትም፤ ወፍ እንኳ ከእሷ የተሻለ ትለቅማለች። እኔ እርጉዝ ሳለሁ የጎረቤት ድስት አይተርፈኝም ነበር፤ ልጆቼም ሲወለዱ ክንድ ያዝሉ ነበር። ይኸው አሁን ጭብጥ የሚያክል ልጅ አመጣችልን።"

ወንድሟ ፈንጠር ብሎ ግድግዳ ተደግፏል። ከሥራ ላይ ተጠርቶ ስለመጣ ግራጫ የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ ነው። በግቢያቸው ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን ይፈታል፣ በውስጣቸው ያለውን እርሳስ ያቀልጣል፣ ጠግኖና ሞልቶ ይሸጣል። ቤቱ የሚተዳደረው በዚያች ክፍል ነው። ሯጯንም ለዚህ ያበቃቻት ያቺው ክፍል ናት። እህቱ ስታልፍ ሲያይ ከግድግዳው ተላቆ ተከተላት።

ሯጯ የምትሠራበት ጥናት፣ እርጉዝ ሴት የምትተነፍሰውና የምትበላው ነገር፣ ጭንቀቷም ጭምር፣ በእንግዴ ልጁ ላይ ምን እንደሚተው የሚፈልግ ነው። ለእናቶቹ ስታስረዳ የቤት መብራት ትጠቅሳለች። ዘረመል አምፖል ነው፤ አምፖሉ አይቀየርም፣ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ግን ጥቃቅን ምልክቶች ይለጠፋሉ፤ አንዱ እንዲበራ ሌላው እንዲጠፋ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው ትላለች። ጭስ፣ ረሃብ፣ የእርሳስ አቧራ ምልክቶቹን ሊያዛቡ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ለፅንሱ የሚደርሰው ምግብ ይጓደል ይሆናል። ይህን ሁሉ ለማየት ታዲያ ናሙናው ትኩስ እያለ ተቆርጦ በረዶ ውስጥ መግባት አለበት። ሙቀት ላይ ከዋለ ይበላሻል።

"እታለም" አለ ወንድሟ የላቦራቶሪውን በር ከኋላው እየዘጋ። "ይሄንን ተዪልኝ።"

"ምኑን?"

"የእኛን። ባለፈው ለእርግዝና ክትትል ስንመጣ ሐኪሟ ስለ እርሳስ ስትጠይቀን ነገሩ ገብቶኛል። እርሳስ ነው ከተባለ የባትሪው ክፍል ይዘጋል። ከተዘጋ እማዬን በምን ልጡራት? ጉሮሯችንን በምን ልንደፍን ነው?"

"ጋሼ፣ ሚስትህ ራሷ ናት መርምሪው ያለችኝ።"

"እሷ ምን ታውቃለች? አንቺው እራት ላይ ነግረሽን የለ፣ በረዶ ካላገኘ አይረባም ብለሽ? እኔ ምንም አድርጊ አላልኩሽም። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተዪው። ዝም አይነቅዝም።"

የተናገረው በልመና ነው፣ ቁጣ የለበትም። እንዳስተማራት አላነሳባትም። ቢያነሳባት ይቀላት ነበር፤ ትቆጣና ትገላገል ነበር።

ጓንቷን አጠለቀች፣ ምላጩን አነሳች። እንግዴ ልጅ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ሸካራና ጠቆር ያለ ነው፤ ከማህፀን ጋር ተጣብቆ የሚኖረው በዚያ በኩል ነው። ሌላው ልስልስ ብሎ ያብረቀርቃል፣ እትብቱም የሚወጣው ከእሱ ነው፤ ይኸኛው የልጁ ወገን ነው። ናሙናው የሚቆረጠው ከልስልሱ ፊት ስር ነው። በሸካራው በኩል ከተቆረጠ የእናትየው ሥጋ ይቀላቀላል፣ ስለ ልጁ የተጠየቀውን ስለ እናቱ ይመልሳል። ጀማሪዎች ሁሉ ይህን ይሳሳታሉ፤ እያየች የምትገሥጻቸው እሷ ናት።

ምላጩን ልታሳርፍ ስትል ልብ ብላ አየች። እጇ ያለው በሸካራው ፊት ላይ ነበር።

ደነገጠች። ከኮሪደሩ ጀምሮ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደዚያች ሴት ቀስሯል፤ የእሷም እጅ ሳታዝዘው ሰልፉን ተቀላቀለ። አፈረች። ሳህኑን ይዛ እንግዴ ልጁን ገለበጠችው፣ ስሱን ሽፋን ገልጣ ከልጁ በኩል ቆረጠች፣ ደሙን አጠበች፣ ቁራጩን በትንሿ ብልቃጥ ከታ በረዶው ውስጥ ቀበረችው።

ወንድሟ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። "እንግዲህ አፍ አውጥቶ ይናገራላ።"

"አይናገርም" አለች። "ከብዙ እናቶች ጋር ተደምሮ ነው ትርጉም የሚኖረው። ዘንድሮም አይደርስም። ሲደርስም የአንተን ስም አይጠራ፣ የእሷን ስም አይጠራ። ይሄን ሕፃን ማን አሳነሰው ብትለው አያውቅም።"

"እውነትሽን ነው?" ፊቱ በራ። "ታዲያ እስካሁን ምን አስለመነኝ?" ብሎ ሳቀ፣ ትከሻዋንም ቸብ አድርጓት ወጣ።

ሯጯ የበረዶ ሳጥኑን ክዳን ገጠመች። እሷም ለካ በዚያች ብልቃጥ ተማምና ኖራለች፤ አንድ ቀን ውጤቱ ይናገራል፣ እኔ ምን አገባኝ ስትል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ማታ ማታ የወንድሟ ሚስት ከማጠቢያው ሳፋ አጠገብ ቆማ ያንን ጃኬት ስታራግፍ ታያለች። አቧራው ብን ይላል፣ ሴትየዋ ታስላለች፣ ከዚያ የገፋ ሆዷን ይዛ ለማጠብ ትቀመጣለች። ሯጯ ቀኑን ሙሉ ስለ እርሳስ አቧራ ስታነብ ትውልና ቤት ስትገባ እራቷን በልታ ትተኛለች።

ወደ ማዋለጃ ክፍሉ ስትመለስ አዋላጇ ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልላ ከማሞቂያው እያነሳች ነበር። እናቷ አልጋው ራስጌ ቆማለች። አራሷ አሁንም ግድግዳውን ታያለች።

"ለአባቱ ስጪው እስቲ" አለች እናቷ። "ይቺ እንደሆነ ክንድም የላት። አሁን እንኳ ብትበላ ምን አለ?"

ወንድሟ ሁለት እጁን ዘረጋ። እጅጌዎቹ እስከ ክርኑ ድረስ አቧራ ጠጥተዋል፤ የሕፃኑ ጭንቅላት ልክ እዚያ ላይ ሊያርፍ ነው።

"ጋሼ፣ ጃኬትህን አውልቅ" አለች ሯጯ።

"ምን?"

"አውልቀውና እጅህን እስከ ክርንህ ታጠብ። የባትሪው አቧራ መርዝ ነው። እሷ ዘጠኝ ወር ሙሉ ስታራግፈው ነበር።"

እናቷ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች።

"ልጁን ያሳነሰው የልጄ ልብስ ነው ልትዪኝ ነው? እርግጠኛ ነሽ?"

"እሱን እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ እማዬ። አለመብላቷ ነው ብለሽ እርግጠኛ የሆንሽው ግን አንቺ ነሽ።"

"የበላሽበትን ወጪት ትሰብሪያለሽ?"

ይህን ሯጯ አስቀድማ ጠብቃው ነበር፤ ያም ሆኖ አመማት። ወንድሟ ግን የዘረጋቸውን እጆቹን አየ፣ እጅጌውን አየ፣ ከዚያ ሚስቱን። ዚፑን ቀስ ብሎ ከፈተና ጃኬቱን ወለሉ ላይ ጥሎ ወደ ቧንቧው ሄደ። እናቷ እንደ ልማዷ የወደቀ ልብስ ልታነሳ ጎንበስ አለች።

"ይተዉት፣ እማማ" የሚል ድምፅ መጣ ከአልጋው። አራሷ ከግድግዳው ዞራለች፤ አይኗ ቀልቷል። "አይንኩት። ለእርስዎም አይሆንም።"

እናቷ ቀና አለች። "ታዲያ ነገ ምን ለብሶ ሊሠራ ነው?" አለች፤ አሁን ድምጿ የእውነት ሹክሹክታ ነበር።

"እንጃ" አለች ሯጯ። "ማታ ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን።"

ለእንግዴ ልጁ ትራፊ ያዘጋጀችውን ቢጫ የላስቲክ ከረጢት ከፈተች። ጃኬቱን በጓንት አጣጥፋ እዚያ ከተተችውና አፉን ጠበቅ አድርጋ አሰረችው። አዋላጇ ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ አስተኛችው፤ ወንድሟ ገና እየታጠበ ነበር።