ሁለት መቶ አቤቱታ

ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ጋሉስ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቴ ወዲያ ወዲህ እያልኩ በየደቂቃው ስልኬን አያለሁ። የማጠናው የቻይናን የሕግ ታሪክ ነው፤ ትናንት ለፕሮፌሰሬ አንድ ምዕራፍ ልኬያለሁ። የጥንት መበለቶች ለዳኛ ያቀረቡት ሁለት መቶ አቤቱታ ቃል በቃል ስለሚመሳሰል ሊታመን አይችልም ብዬ ደምድሜያለሁ። ሰውዬው ምን ነክቶት ነው ዝም ያለኝ?

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ጀዋሂር የጥገኝነት ቤሻይዷን፣ የውሳኔ ደብዳቤዋን፣ ይዛ ቆማለች።

«ሰሎሜ፣ ቶሎ አንብቢልኝ!»

ጥያቄዋ ውድቅ ሆኗል። ታሪኳ ከሌሎች አመልካቾች ታሪክ ጋር ስለሚመሳሰል አይታመንም ይላል።

«ሁላችንንም ያባረሩን እነዚያው ወታደሮች ናቸው!» አለች ደሟ ፈልቶ። «ታዲያ ሌላ ታሪክ ከየት ላምጣ?»

ስልኬ ጮኸ። ፕሮፌሰሬ ነው፦ «ድምዳሜሽን ወድጄዋለሁ።»